ማጣት፣ መጥፋት፣ መቅረት

ነገሩ የተጀመረው በትርጉም ትምህርት ነው። መምህራችን አንድ ገጽ የማይሞላ የእንግሊዝኛ ግጥም አባዝተው አደሉንና «ለሚመጣው ሳምንት በአማርኛ ይዛችሁ ኑ» አሉን። ግጥሙ የአሜሪካዊቷ የኤልሳቤጥ ቢሾፕ «ዋን አርት» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ስንኝ ብቻ ያለው። ቃላቱ ቀላል ናቸው፤ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ እምብዛም የለባቸውም። «ይቺማ የአንድ ማታ ሥራ ናት» ብለን ስድስት ሆነን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ከበብን። ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ ገና የመጀመሪያዋን ግሥ አልተሻገርናትም ነበር።

ግሧ «ሉዝ» ናት። ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የምናውቃት ቃል! ገጣሚዋ በዚህች አንዲት ግሥ መሰላል ትሠራለች። ታችኛው እርከን ላይ የበር ቁልፍ አለ፤ ቀጥሎ በከንቱ ያለፈ ሰዓት፣ ቀጥሎ የሰውና የቦታ ስም፤ ከዚያ የእናቷ የእጅ ሰዓት፣ የኖረችባቸው ቤቶች፣ ከተሞች፣ ወንዞች፣ ጭራሹን አህጉር፤ ጫፉ ላይ የምትወደው ሰው። እንግሊዝኛው ሁሉንም በ«ሉዝ» ይጨርሰዋል። ተንኮሉም እዚያው ላይ ነው፤ አንባቢው ከቁልፉ ተነሥቶ አንዲቱን ቃል እንደያዘ እየወጣ እየወጣ፣ ሳያስበው ገደሉ ጫፍ ላይ ራሱን ያገኘዋል።

አማርኛችን ይህን መሰላል አይሸከምም። ቁልፉ ይጠፋል፤ ጊዜው ይባክናል፤ ስሙ ይረሳል፤ ቤቱ ይለቀቃል፤ ሰውየው ይሞታል ወይም ይለያል። በየእርከኑ ግሡን መለወጥ ግድ ነው፤ በየእርከኑም አንባቢው ወደ ታች ያያል። ግጥሙን ትተን የቃሏን ዘመዶች መቁጠር ጀመርን። ግጥሚያ «ሉዝ» ያደረገ ተሸነፈ፤ ነጋዴው ከሰረ፤ ክብደቱን «ሉዝ» ያደረገ ከሳ፤ መንገዱን ከሆነ ሳተ፤ ትዕግሥቱን ከሆነ ትዕግሥቱ አለቀ፤ የሚበላውን ከሆነ አጣ። ቀደም ብለን ከደረደርናቸው ጋር ዐሥራ ሁለት ግሥ ሆነ። (ከፊልም የተማርናት «ሉዘር» የምትባል ስድብም አለች። አንድ ቀን የተሸነፈ ሰው ዕድሜ ልኩን በዚያ ስም ይጠራል። የእኛ «ተሸናፊ» እኮ ከሜዳው ሲወጣ ያበቃል። ይህን እዚህ ላይ እንለፈው።)

መጀመሪያ የተነሣው ክርክር ከግጥሙ የራቀ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «እውነተኛው እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ተነሣ። እንግሊዙ ቁልፉ በጠፋ ጊዜ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ራሱ ነው፤ እኔ ጣልኩት እንደማለት ነው። እኛ ግን «ቁልፉ ጠፋብኝ» እንላለን። የጠፋው ቁልፉ ነው፤ እግር አውጥቶ! እኔማ ምን አደረግሁ? በላዬ ላይ ደረሰብኝ እንጂ። ብርጭቆውም «ተሰበረ»፤ ወተቱም «ገነፈለ»፤ ወጡም «አረረ»። ልጆች ሆነን እናቶቻችን «ማነው የሰበረው?» ሲሉን «ተሰበረ» ብለን ያመለጥንበት ቀን ስንት ነው! አድገንም አልተውነውም። አንድ መሥሪያ ቤት ሄደህ ማኅደርህን ስትጠይቅ «ጠፍቷል» ይሉሃል፤ ያጠፋው ሰው ግን በሕንፃው ውስጥ ከቶ የለም። ወዳጃችን ይህን ሲናገር ድምፁ ከፍ ብሎ ስለ ነበር ከወዲያኛው ጠረጴዛ «እሽሽ» ተባልን።

እውነት አለው ብለን ነበር። ከመካከላችን የነበረችው ልጅ ግን አልተቀበለችውም። «እሺ» አለችው፤ «እንግሊዙ አባቱ ሲሞትስ? ያኔም ባለቤቱ እሱ ነው፤ አባቱን ‹ሉዝ› አድርጓል። ምን አድርጎ ነው? ገድሎት ነው?» ዝም አለ። እሷ እንዳለችው እንግሊዝኛው በአድራጊው ወንበር ላይ ተጎጂውን አስቀምጦታል፤ ስለ ተቀመጠ ብቻ አድራጊ አይሆንም። አማርኛው ተጎጂውን ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ያቺ «ጠፋብኝ» ውስጥ ያለችው «ብኝ» ሥራዋ ይኸው ነው። «አባቴ ሞተብኝ» ስንል ሞቱ የአባት፣ ጉዳቱ የእኔ መሆኑ በአንድ ቃል ተለይቶ ይታወቃል። እንግዲህ አንዱ ቋንቋ አድራጊውን ይደብቃል፤ ሌላው ተጎጂውን አድራጊ ያስመስላል። የትኛው ነው የባሰው?

የሚገርመው እንግሊዝኛም ድሮ እንደ እኛው ነበር። ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው የቃሉ አባት «ሎሲያን» ይባላል፤ ትርጉሙ መጥፋት፣ መሞት ነው። የሚጠፋው ነገሩ ሆኖ፣ የጠፋበት ሰው በተጓዳኝ ይጠቀሳል፤ ልክ እንደኛ «በጉ ጠፋበት» ነው። እ.ኤ.አ. ከ1200 ግድም ወዲህ ነው «እኔ አጣሁት» ወደሚለው የዞረው። ስለዚህ «እኛ አማሮች ኃላፊነት አንወድም፣ ፈረንጅ ይወዳል» እያሉ ከሰዋስው ላይ ጠባይ መልቀም አያዛልቅም። ወዳጃችን እዚህ ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ።

ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ምክንያቱም አማርኛችን ሌላ በር አለው። «ጠፋ» የሚለውን ግሥ ወስደህ በፊቱ አንዲት «አ» ጨምርበት፤ «አጠፋ» ይሆናል። መብራት ጠፋ፤ መብራት አጠፋ። ስሙ ጠፋ፤ ስሙን አጠፋ። ከዚህችው ግሥ ነው «ጥፋት» የሚመጣው፤ «ጥፋተኛ» የሚመጣው። ልጅ አባቱ ፊት ቆሞ «አጥፍቻለሁ» ሲል ምን እንዳጠፋ እንኳ አይናገርም፤ መጥፋቱ ራሱ በደል ሆኗል። ነፍስ ማጥፋትም፣ ራስን ማጥፋትም፣ አገር ማጥፋትም በዚህች በአንዲት «አ» የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ ዕቃ የጠፋበትና ወንጀል የሠራ በአንድ ግሥ አይዛመዱም። በእኛ ግን በጠፋውና በአጥፊው መካከል ያለው አንድ ፊደል ብቻ ነው። የጠፋ ነገር ባለበት ሁሉ «ያቺ ‹አ› የት ሄደች?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው።

ሁልጊዜ ግን «አ»ዋ አለች ማለት አይደለም። በሉቃስ ወንጌል በዐሥራ አምስተኛው ምዕራፍ ሦስት የጠፉ ነገሮች ይተረካሉ፤ ከመቶ በጎች አንዱ፣ ከዐሥር ድሪሞች አንዱ፣ ከሁለት ልጆች አንዱ። በጉ ተቅበዝብዞ ነው የጠፋው። ድሪሙ ምንም አላደረገም፤ ብር በራሱ አይሄድም፤ ካጠፋም ያጠፋችው ባለቤቲቱ ናት። ልጁ ግን ድርሻውን ተቀብሎ፣ እያወቀ፣ በገዛ እግሩ ነው የሄደው። ሦስቱም «ጠፋ» ይባላሉ። ልብ ያላልነው ሌላ ነገር ነበር፤ እረኛው በጉን ፍለጋ ይሄዳል፤ ሴቲቱ መብራት አብርታ ቤቱን ትጠርጋለች፤ አባትየው ግን አይፈልግም። ይጠብቃል። ሰው ሲጠፋ ፍለጋውና ጥበቃው የተለያዩ ሥራዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ታላቅ ወንድም ደግሞ አለ፤ ያልጠፋው፣ ከእርሻ ሲመለስ የዘፈን ድምፅ ሰምቶ አልገባም ያለው። በስብከት ላይ ይወቀሳል፤ እኛ ግን ዘወትር ትንሽ እናዝንለታለን።

በማግሥቱ መምህራችን ስለ ገጣሚዋ ሕይወት ጥቂት ነገሩን። አባቷ የሞተው በስምንት ወሯ ነው። እናቷ አእምሮዋ ታውኮ እ.ኤ.አ. በ1916 ሆስፒታል ስትገባ ልጅቷ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ዓይኗን አላየችውም። እናትየዋ የሞተችው በ1934 ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ሰው «አባቷን በስምንት ወሯ፣ እናቷን በአምስት ዓመቷ ሉዝ አደረገች» ቢል ምንም ስሕተት የለውም፤ አንድ ግሥ ሁለቱን አቻችሎ ይይዛቸዋል። እስቲ በአማርኛ በሉት። አባቷ «ሞተ»። እናቷስ? አልሞተችም፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖራለች። አልጠፋችም፤ ያለችበት ሆስፒታል ይታወቃል። «እናቷን አጣች» ብንልም ሰሚው ወዲያው «መቼ ሞተች?» ማለቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር፣ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮችን ቤተሰቦች እያጠናች ለእንዲህ ያለው ነገር ስም አወጣችለት፤ ድንበሩ ያልለየ ማጣት እንደማለት ነው። ሁለት መልክ አለው ትላለች፤ ሰውየው በአካል ርቆ በልብ ያለበት፣ ወይም በአካል ኖሮ አእምሮው የራቀበት። የቢሾፕ እናት ሁለቱንም ነበረች።

እስከዚህ ድረስ ከስድስታችን አንዱ ምንም አልተናገረም ነበር። ከክፍል ስንወጣ ነው የተናገረው።

የአባቱ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አንድ ማታ ሰዎች በመኪና መጥተው «ለትንሽ ጥያቄ ነው፤ ይመለሳል» ብለው ወሰዱት። ያ ጊዜ ቀይ ሽብር የተባለው ነው። አያቱ ለጥቂት ሳምንታት ስንቅ አመላለሱ፤ አንድ ቀን ምሳ ዕቃው ሳይከፈት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፣ «ሞቷል» ያለ ሰው የለም። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ተዝካር አላወጡም። ጎረቤት «እርምሽን አውጪ፤ ይሻልሻል» ሲላቸው ጎረቤቱን ይቀየሙ ነበር። የግቢው በር ቁልፍ እንዲቀየር ፈቅደው አያውቁም፤ ልጁ ሲወጣ ኪሱ ውስጥ የነበረው ቁልፍ የሚከፍተው ያንን ነዋ! በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት፣ ቤተሰቡ ፎቶውን እንስጥ ብሎ ተነጋግሮ ነበር። አያት እምቢ አሉ። «እዚያ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ምን ብዬ ነው የምጠብቀው?»

በዚያ ዘመን «የእገሌ ልጅ ጠፋ» ሲባል ሰሚው ብዙ ነገር ሊገባው ይችል ነበር። ጫካ ገብቶ ይሆናል፤ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ይሆናል፤ የዘመድ ቤት ተደብቆ ይሆናል፤ ተወስዶም ይሆናል። «ጠፋ» ሁሉንም ትሸፍናለች። ለቤተሰብ መሸሸጊያ ነበረች፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ለወሰዱትም መሸሸጊያ መሆኗ ነው። ወላጅ ፈርቶ የተናገራትን ቃል ወሳጁም ደስ ብሎት ይናገራታል። «የለም፤ ጠፍቷል።» ያቺ ያልናት «አ» የወደቀችው እዚህ ላይ ነው።

አያቱስ ምን ይሉ ነበር? ብለን ጠየቅነው። «ጠፋ» አይሉም። «ሞተ»ንማ ሌላ ሰው ሲናገረው እንኳ አይወዱም። ይሉ የነበረው «ልጄ እንደወጣ ቀረ» ነው።

እኛ ሳምንት ሙሉ ግሥ ስንለቅም ይህን አልቆጠርነውም ነበር! «ቀረ» እኮ ጉድ ነው። «እንግዳው ቀረ» ስንል አልመጣም። «እንጀራው ቀረ» ስንል ተርፏል። ትምህርት ቤት ያልሄደ ከትምህርት ቀረ፤ እቤት የተቀመጠም እቤት ቀረ። ያልተመለሰውና የተረፈው አንድ ግሥ ነው ያላቸው። «ልጄ እንደወጣ ቀረ» በሚለው ውስጥ ልጁ የለም፤ ግን አላለቀም። በሩን አልፎ ሲወጣ እንደነበረው ሆኖ እዚያው ደጃፉ ላይ አለ። ለፖሊን ቦስ መጽሐፍ የፈጀባትን ነገር እኒያ ሴትዮ ቡና እያፈሉ በሁለት ቃል ይሉት ነበር። ይህን የምንለው ቋንቋችንን ለማወደስ አይደለም፤ «ቀረ» ቢሆንም ያስቀረውን አይናገርምና።

አያቱ ዐምና ዐረፉ። ቤቱ ለልጆቻቸው ቀረ፤ ከወራሾቹ አንዱ ግን እንደወጣ የቀረው ነው። ቤቱን መካፈል ወይም መሸጥ ቢፈለግ የእሱ ነገር መልክ መያዝ አለበት። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ መንገድ አበጅቷል፤ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ያገባኛል የሚል ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ ይችላል። ሁለት ዓመት! የእነርሱ ከአርባ አምስት አልፏል። ሕጉ የመረጠውን ግሥ ልብ በሉ። ማመልከቻውን እንዲያረቅ የታዘዘው፣ የቤቱ የተማረ ሰው ተብሎ፣ ጓደኛችን ነው። ሁለት ሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሟል። «ጠፋ» ብሎ መጻፍ ለእሱ ወሳጆቹን በነጻ ማሰናበት ነው። ደግሞም አያቱ በሕይወት ሳሉ ይህ ነገር ተነሥቶ «ልጄን በወረቀት አልገድልም» ብለው ነበር።

አክስቱ ግን ሌላ ሐሳብ አላቸው። ወንድማቸው ሲወሰድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ያንን ቤት ሲጠርጉ፣ እናታቸውን ሲያስታምሙ፣ አብረው ሲጠብቁ ኖረዋል። «እኔም እኮ ቀርቻለሁ» አሉት አንድ ቀን፤ «ጣሪያው ያፈሳል። የፈለግኸውን ቃል ጻፍና አስገባልኝ።»

እኛ ተከራከርን። ሕግ የሚያጠናው ጓደኛችን «ፍርድ ቤት የግጥም ቦታ አይደለም፤ ሕጉ ያለውን ጻፍ፤ ውሳኔው የሚፈልገው ወሬ መጥፋቱን ነው እንጂ ማን እንደወሰደው አይደለም» አለ። ያቺ ልጅ «‹ተወሰደ› ካልተባለ ውሸት ነው» አለች። ሌላው ደግሞ በቃል ምክንያት አንዲት ሴት በሚያፈስ ቤት መኖር የለባቸውም አለ። እንደ እኛ አስተያየት፣ ከብዙ ማሰብ በኋላ የመጣ ስለሆነ አንባቢ ይታገሰን፣ አክስትየው ትክክል ናቸው፤ በወንጌሉ የታላቅ ወንድሙ ቦታ ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ለጠፋው ሲባል ያልጠፋው ሲጎዳ መኖር የለበትም። አያትየውም ትክክል ነበሩ፤ ልጃቸው ሞቷል ብለው እንዲፈርሙ ማንም የመጠየቅ መብት አልነበረውም። ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር ቢኖር ውሳኔው አይደለም፤ ውሳኔው የሚጻፍበት ግሥ ነው። ስለዚህ ስድስታችን ተሰብስበን አንዲት መስመር አወጣን፤ «በ1970 ዓ.ም. ከመኖሪያ ቤቱ ተወስዶ እንደወጣ የቀረ» ትላለች። ግጥሙን እንኳ እንዲህ አልተጠበብንበትም። የግጥሙ ትርጉም ይልቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጨረሻው እርከን ላይ ግሥ ሳይኖረው ባዶ ቦታ ትተንለት ነው ያስረከብነው፤ መምህራችንም በቀይ እስክሪብቶ የጥያቄ ምልክት አድርገውበት መልሰውልናል።

ጓደኛችን ባለፈው ሰኞ ረቂቁን ይዞ ሄደ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰውዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና «‹የቀረ› የሚባል ነገር በሕጉ የለም፤ ‹የጠፋ› ነው የሚባለው» አሉት። እሱ መልስ ሳይሰጥ እንደለመደባቸው ጻፉት። ወረቀቱን ሲቀበል «ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የጠፋ» ይላል። እስክሪብቶ አወጣ፤ «የጠፋ» የሚለውን አልሰረዘውም፤ ከፊቱ፣ በጠባቡ ቦታ ላይ፣ «ከቤቱ ተወስዶ» ብሎ አስገባ።

«ተበላሸ እኮ» አሉት ሰውዬው፤ «እንደገና ሊጻፍ ነው። ሂሳቡም እንደገና ነው።»

«ይጻፍ» አላቸው፤ ከፈለ።